ጳጉሜ ሦስት

ከሐይቁ ዳር ካለው ከማኅበሩ ቢሮ
ቆርቆሮው ሲንኳኳ ዝናብ ተወርውሮ፣
ሌዳሞ መዝገቡን በፌስታል ጠቅልሎ
አስቀመጠው ፊቴ «አደራሽን» ብሎ።
የሰባት ዓመት ዓሣ በሰባት ደብተር፤
ጠርዙ የዓሣ ቅርፊት፣ ሽታው የባሕር።

ሥራዬ ቀላል ነው፤ ሲያወሩት ቀላል ነው፤
ከዚህ ያለን ቀድቶ ከዚያ ማድረስ ነው።
ሚዛኑ ያየውን፣ ስልኩ የከፈለውን፣
የበረዶ ቤቱ ማሽን የቆጠረውን፣
አንድ ቧንቧ ዘርግቶ፣ ቁልፉን አስማምቶ፣
ወደ ላይ መላክ ነው፣ ከደመና ገብቶ
ሁሉም ባንድ ጎተራ እንዲያድር ተኝቶ።

ሌዳሞ በመስኮት ቀና ብሎ አየ፤
ከታቦር አናት ላይ ጥቁሩ ዘገየ።
«የትኛው ነው?» አለኝ፣ «የኛ ነው የሌላ?
እንዲህ የጫናችሁት ይዘንባል ወይ ኋላ?»
ሳቅሁ።
መልሱን ግን አላውቀውም ነበር።

የመጀመሪያው ቀን፦ «ፈቃድ የለዎትም።»
በማግስቱ መብራት የለም።
በሦስተኛው ጄኔሬተር ለምኜ፣ ሌሊቱ ሳይነጋ
አረንጓዴዋ በራች፤ መስመሩ ተዘረጋ።

መዘርጋቱንስ ተዘረጋ።
ግን ከሌሊቱ አሥር የወጣው ጀልባ
ረፋድ የወጣ መስሎ ከጎተራው ገባ።
አንዱ ደብተር «ቆሮሶ»፣ አንዱ «ቆረሶ» ይላል፤
ለማሽኑ ሁለት ዓሣ ነው፤ ሌዳሞን ያስቀዋል።
ብሩ ከስልኩ መጥቶ፣ ዓሣው ከደብተር፣
ባልና ሚስት መስለው፣ ሳይተዋወቁ በአንድ ጣራ ሥር።

አስታረቅኋቸው። ስም በስም፣ ሰዓት በሰዓት።
ሲያልቅ ሠላሳ ስድስት መስመር ተመለሱ፣
በቀይ ተሰምሮባቸው፣
«አሥራ ሦስት የሚባል ወር የለም» ተብለው።

አልገረመኝም። ማሽኑ ፈረንጅ ነው፤
ጳጉሜን ማን ነግሮት ያውቃል?
የግማሽ ሰዓት ሥራ፤ ቀኑን መመንዘር ነው።
አንድ ባንድ ከፈትኋቸው።

ጳጉሜ አንድ፦ ቆሮሶ፣ ሁለት መቶ አሥር ኪሎ።
ጳጉሜ ሁለት፦ ነፋስ። ጥቂት አምባዛ።
ጳጉሜ ሦስት፦ ቁጥር የለም።
ኪሎ በሚጻፍበት ሳጥን፣ ቀለሙ የነጣ፦
«ዱካሌ አልመጣም። ጀልባው ብቻ መጣ።»

ልጅ ሳለን በዚያ ቀን፣ በሩፋኤል ዝናብ
እንታጠብ ነበር፣ ራቁታችንን፣ እየጮህን፣
ሰማይ ተከፍቷል ተብለን።

ማሽኑ ይጠብቃል። ለእሱ ኪሎ ማለት ቁጥር ነው።
ዜሮ ብዬ ልሙላው? ዜሮ ግን ውሸት ነው፤
ዜሮማ ወጥቶ ባዶውን ለተመለሰ ሰው ነው።
ልሰርዘው? አንድ መስመር ነች፤ ማን ያያታል?
ድምሩ እንደሆን አይዛነፍም፤
ሪፖርቱ እንደሆን አይጎድልም።

ሌዳሞ ከኋላዬ ቆሟል። ለካ ያነባል።
«ያን ዕለት» አለ፣ «ሚዛኑን አልነካሁትም።»
ሌላ አልጨመረም።
ውጭ አባ ኮዳዎች በዝናብ ቆመዋል፣
አንገታቸውን ቀብረው፣ ተራ እንደሚጠብቅ ሰው።

አንድ ዓምድ ጨመርሁ። «ማስታወሻ» አልሁት።
ከሁለት ሺህ አምስት መቶ በላይ መስመር ባዶ ነው፤
አንዱ ላይ ብቻ የሰው ስም አለ።
ቁልፉን ተጫንሁ።
ዱካሌ በቧንቧው ሄደ፣ ከቆሮሶው ጋር፣ ከበረዶው ጋር፣
ከማላውቀው አገር፣ በወር ከምንከራየው ጎተራ።
አረንጓዴዋ በራች።

«አለቀ» አልሁት። «ከእንግዲህ ቢቃጠል፣ ቢርስ፣ አይጠፋም።
ደብተሩን እዚሁ ተወው፤ ሸክም ነው።»

ሌዳሞ ራሱን ነቀነቀ፤ ያመነኝ መሰለ።
ከዚያ ሰባቱን ደብተር አንድ ባንድ ደራርቦ፣
በፌስታሉ ጠቀለለ፣ ሁለቴ ቋጠረ፣
ከካፖርቱ ሥር አስገብቶ
ይዟቸው ወጣ።

ያኔም ይዘንብ ነበር።